የወረቀት ቤተ ጊዮርጊስ፦ ከብሌንደር እስከ ኮላ

ወረቀት አይለጠጥም። የወረቀት ሞዴል ንድፍ ጠቅላላ ጣጣው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3D ቅርጽ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ኳስ በአንድ ጠቅታ ይሠራል፤ ወረቀት ግን ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ አይጎብጥም። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1827 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ነገር ስለሆነ የትኛውም ፕሮግራም አያመልጠውም። ኳሱን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ዘርጋልኝ ብትሉት በብዙ ጥቃቅን ቁራጭ ይበታትነዋል። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መኪና ወይም የሰው ፊት ይዞ ይነሳና መቶ ቁራጭ ይታቀፋል።

ለመጀመሪያ ሥራ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የምመርጠው ስለምወደው ብቻ አይደለም። ቅርጹ ለወረቀት የተፈጠረ ያህል ነው። ከላይ ሲታይ ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ነው፤ 12 ግድግዳና 12 ማዕዘን አለው። ከማዕዘኖቹ 8ቱ ወደ ውጭ የወጡ፣ 4ቱ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው። እያንዳንዱ ግድግዳ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው መስቀሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሞዴሉን ቁመትም 12 ማድረግ ለዓይን ይስማማል። ብሌንደር በሜትር ስለሚለካ 12 ሜትር አድርጎ መሥራት፣ ሲዘረጋ ደግሞ መጠኑን 1:100 ማለት ይቀላል።

አሠራሩ አጭር ነው። ወርዱ፣ ርዝመቱና ቁመቱ 4 በ4 በ12 ሜትር የሆነ አንድ ሳጥን፣ ከዚያ አራቱን የጎን ገጾች አንድ በአንድ በኢ ቁልፍ 4 ሜትር ወደ ውጭ ማውጣት። የታችኛውን ወለል አጥፉት፤ ለምን እንደሆነ ኮላ ላይ ስንደርስ ይታያል። ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ነገር ይፈተሽ። አንደኛ፣ የተደራረቡ ነጥቦች ካሉ ሁሉንም መርጦ በኤም ቁልፍ፣ መርጅ ባይ ዲስታንስ በሚለው ማዋሃድ ነው፤ ካልተዋሃዱ ፕሮግራሙ የተያያዘውን ግድግዳ እንደተለያየ ቆጥሮ ይበታትነዋል። ሁለተኛ፣ የገጾቹ አቅጣጫ በሺፍትና ኤን ይስተካከል፤ የተገለበጠ ገጽ ካለ ወደ ውጭ መታጠፍ ያለበት መስመር ወደ ውስጥ ሆኖ ይታተማል። ባለ አራት ነጥብ ገጽ ሆኖ አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለም ጠፍጣፋ ስላልሆነ አይዘረጋም፤ በኮንትሮልና ቲ ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፈል።

አሁን ስፌቱ። ስፌት ማለት ወረቀቱ የሚቆረጥበትና ተመልሶ በኮላ የሚያያዝበት ጠርዝ ነው፤ ጠርዙን መርጦ በኮንትሮልና ኢ ከሚመጣው ዝርዝር ማርክ ሲም የሚለውን መምረጥ ነው። ቅርጹን ወደ ወረቀት የሚዘረጋው፣ ኤክስፖርት ፔፐር ሞዴል የሚባለው የብሌንደር አድኦን (ተጨማሪ መሣሪያ) ስፌት ባትመርጡለትም ራሱ መርጦ ይዘረጋል። እኔ ግን ይህን ውሳኔ ለፕሮግራም መተው አልወድም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ልኬት ብቻ ነው፤ የትኛው መጋጠሚያ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ አያውቅም። 12ቱ ግድግዳዎች በአንድ ተርታ ቢዘረጉ 48 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ኤ4 ወረቀት ደግሞ 29.7 ነው። ስለዚህ ለሁለት፣ ስድስት ስድስት ግድግዳ፣ 24 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ መክፈል ግድ ነው። ደስ የሚለው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ማዕዘን ተነስታችሁ ስድስት ግድግዳ ብትቆጥሩ የምትደርሱት ፊት ለፊቱ ያለው ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ላይ ነው። ሁለቱም መጋጠሚያዎች ጥላ ውስጥ ይገባሉ፤ ከፊት የቆመ ሰው አያያቸውም። ጣሪያው ከግድግዳዎቹ የሚገናኝበት ጠርዝ ሁሉ ስፌት ይሁን፤ ጣሪያውን የሠሩት አምስት ካሬዎች ግን እርስ በርስ አይቆረጡ። አንድ ሙሉ መስቀል ሆነው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው እጥፋት ስለሌለም መስመር አይታተምም።

ኮላ የሚቀባበት ትርፍ ጠርዝ፣ ምላስ እንበለው፣ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከ3 በታች ሲሆን አይዝም፤ ጣትም አይጨብጠውም። ከግድግዳዎቹ አናት የሚወጡት ምላሶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ጣሪያውን ይሸከማሉ። ወደ ውጭ በወጡት ማዕዘኖች ላይ ጎረቤታሞቹ ስለሚደራረቡ ጫፋቸው በ45 ዲግሪ መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ጣሪያው በዚያ ጥግ ያብጣል።

በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ናቸው። ትንሹን ለማግኘት ትልቁን በኤስ ቁልፍ ማሳነስ ቀላል ይመስላል፤ ግን 12ቱን ወደ 10.8 ስታሳንሱት በክንዱ ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር፣ በክንዱ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ዳር ይቀራል። ያስጠላል። በአይ ቁልፍ 6 ሚሊ ሜትር (ብሌንደር ላይ 0.6 ሜትር) ወደ ውስጥ ቢገባ ዳሩ በሁሉም በኩል እኩል ይሆናል፤ የክንዱ ወርድ 2.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንዴ ስትደግሙት ሦስተኛው መስቀል ይወጣል። እነዚህን ለብቻ ቆርጦ መደራረብ ነው፤ ሁለት ሁለት ሉህ ከሆኑ ጥላቸው ጎልቶ ይታያል።

መጀመሪያ በተራ 80 ግራም ወረቀት አትማችሁ አገጣጥሙት፣ የመጨረሻውን በ160 ወይም በ200 ግራም። ፎቶ ኮፒ ቤት ካሳተማችሁ መጠኑ መቶ በመቶ ይሁን በሉ፤ ከገጹ ጋር አስማማ የሚለው ምርጫ ከበራ ልኩ ሁሉ ይዛባል። የታተመውን አንድ ግድግዳ በማስመሪያ ለኩት፤ 4 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ አትቁረጡ።

ወፍራም ወረቀት ሳይጫሩት ቢታጠፍ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ መስመሩን ጫን ብሎ ማስመር ይበቃል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ድንጋዩን በሚመስል ቀይ እርሳስ ከኮላው በፊት ይቀባ፤ ኮላ ከነካው ቀለም አይቀበልም።

ነጭ ኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ያጣምመዋል። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ወስዶ በስሱ መቀባት፣ ትንሽ ቆይቶ መግጠም ይሻላል። ሁለቱ የግድግዳ ተርታዎች መጀመሪያ ይያያዙ፣ ጣሪያው ቀጥሎ። ወለሉን ያጠፋነው ለዚህ ነው፤ ጣት ከታች ገብቶ እያንዳንዱን ምላስ ከጣሪያው ጋር መጫን ይችላል። ደረቅ ካርቶን ላይ ማቆም የመጨረሻው ሥራ ነው።