ደስ ብሏቸው እየጠበቁን ነው

ማተሚያ ቤት ስሠራ የውጭ ደንበኞች ኢሜይል ሲመጣ አንብቤ ለአለቃዬ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬም አይታማም ነበር፤ ያው እኔ እንደሚመስለኝ።

አንድ ቀን የካታሎግ ሽፋን ናሙና ልከን መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ዊ አር ኖት ኢንታየርሊ ሃፒ ዊዝ ዘ ከቨር» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዊ አር ሃፒ ቱ ዌይት»።

«በሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ አይደለንም፣ ግን በመጠበቅ ደስተኞች ነን ይላሉ» አልኳቸው።

አለቃዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሙሉ በሙሉ የሚደሰት ደንበኛ አይተህ ታውቃለህ? ይኸው ደስ ብሏቸው እየጠበቁን ነው። በል ማሽኑን አስነሱ!»

2000 ሽፋን ታተመ። ሰማያዊው ወይን ጠጅ እንደመሰለ።

ደንበኛው ሲሰማ የጻፈውን ባልደግመው ይሻላል። ለካ የመጀመሪያው መስመር በጨዋ ደንብ የቀረበ ስሞታ ነው። «ሙሉ በሙሉ» የምትለዋ ቃል ነገሩን ለማለስለስ እንጂ ግማሹን ወደነዋል ለማለት አልገባችም። እኛስ «ትንሽ ቅር ብሎናል» ስንል መቼ ትንሽ ሆኖ ያውቃል? «ቅር ብሎናል» ብዬ ብተረጉመው ኖሮ አለቃዬ ወዲያው ይነቁ ነበር።

ሁለተኛው ይብሳል። «ሃፒ» ከኋላው «ቱ» እና ግስ ሲከተለው ብዙ ጊዜ ፈቃደኝነት ነው። «ግድ የለም፣ እንጠብቃለን፤ አስተካክላችሁ ላኩ» ነው ያሉን። «ዊዝ» ሲከተለው ደግሞ መርካት ወይም መስማማት ይሆናል። ሰው በውል «ሃፒ» ነኝ ሲል ውሉ ተስማምቶኛል እንጂ በደስታ ዘለልኩ ማለቱ አይደለም። እኛ ግን ቃሉን የለመድነው ከልደት ኬክ ጋር ነው፤ ፈገግታ ካልታየን አይገባንም።

ተናድጄ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሸሁ። «ሃፒ» በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጣ ትርጉሙ ደስተኛ ሳይሆን ዕድለኛ ነበር። ሥሩ «ሃፕ» ነው፣ ዕድል ወይም አጋጣሚ። «ሃፕን» (መከሰት) እና «ፐርሃፕስ» (ምናልባት) የዚሁ ዘመዶች ናቸው። «ትሪገር ሃፒ» የሚባል ደግሞ አለ፤ ጣቱ ቃታ ላይ የሚቸኩል ሰው። እዚያ ውስጥ ምን ደስታ አለ? የዚያን ቀን እኛም ከዚህ ሰውዬ አልተሻልንም።

ሽፋኑ በኪሳራ እንደገና ከመታተሙ በፊት አዲስ ናሙና ላክን። «ዊ አር ሃፒ ዊዝ ዚስ» የሚል መልስ መጣ። እየሮጥኩ ሄጄ «ተስማምተዋል፣ አትሙ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

አለቃዬ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ደውልላቸው» አሉኝ። «አትሙ የሚለውን በጆሮዬ ልስማው።»