ሳይንቢትን በየቦታው በመሰካቴ የደረሰብኝ

የሲ ፕሮግራሚንግ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሉፕንና ፋንክሽንን ብዙ ሳልቸገር አልፌያለሁ፤ ፖይንተር አሁንም አልፎ አልፎ ያስመርረኛል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ሦስት ምሽት ስለፈጀብኝ አንድ የመቀነስ ምልክት ነው።

እዚህ ጅማ ቡና የሚነግዱ አንድ ጎረቤቴ፣ 60 ኪሎ ተብሎ የተጫነ ጆንያ መጋዘን ሲደርስ እንደገና ተመዝኖ ጉድለቱ የሚመዘገብበት ፕሮግራም እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ልዩነቱ ከዜሮ ማነሱን በተራ ማነጻጸሪያ ጻፍኩት፤ ይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሲ ስታንዳርድ ሳይንቢት የሚባል፣ የአንድ ቁጥር ምልክት የመቀነስ መሆኑን የሚፈትሽ ማክሮ (በስሙ የሚጠራ ዝግጁ የኮድ ቁራጭ) እንዳለው ሳነብ ግን የባለሙያ መንገድ እሱ መስሎኝ ሁሉንም ቀየርኩት።

መጀመሪያ ውጤቱን ከ1 ጋር አነጻጸርኩና አንድም ጉድለት ሳይመዘገብ ቀረ። ለካ ስታንዳርዱ ቃል የሚገባው ምልክቱ የመቀነስ ሲሆን ዜሮ ያልሆነ ቁጥር እንደሚመልስ ብቻ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር 128 ነበር የሚመልሰው። ያንን አስተካክዬ ወረቀቱን ሳትምላቸው ደግሞ “ጉድለት፦ -0.0 ኪሎ” የሚል መስመር ወጣ። ጎረቤቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ “ልጄ፣ ዜሮ ከሆነ ታዲያ ምኑ ጎደለ?” አሉኝ።

ጆንያው 59.96 ኪሎ ስለነበረ ልዩነቱ -0.04 ነው። እኔ ደግሞ በ10 አባዝቼ፣ ራውንድ በሚባለው ፋንክሽን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቼ፣ መልሼ ለ10 አካፍል ነበር። ራውንድ ቁጥሩን ዜሮ ቢያደርገውም ምልክቱን አይነካም። ኮምፒውተሮች ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በሚያስቀምጡበት በአይትሪፕልኢ 754 ስታንዳርድ አሠራር፣ ደብል ከሚባለው የቁጥር ዓይነት 64 ቢቶች (የ0 ወይም የ1 ቦታዎች) አንዱ ለምልክት ብቻ የተመደበ በመሆኑ ዜሮ ሁለት መልክ አለው። ማነጻጸሪያው ሁለቱን እኩል ናቸው ሲል፣ ሳይንቢት ግን የቁጥሩን መጠን ሳይሆን ያንን ቢት ብቻ ያያል። “ከዜሮ በታች ነው ወይ?” ለሚል ጥያቄ ሳይንቢትን መጠቀም፣ በእኔ እምነት፣ ስህተት ነው።

አሁን አስቀድሜ አጠጋግቼ በተራ ማነጻጸሪያ እለያለሁ፤ ከማተሜ በፊትም 0.0 እደምርበታለሁ፣ ምልክቱ ይጠፋል። ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ከሰው ኮፒ ያደረግሁትን ፋስትማዝ የተባለ የኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አማራጭም አውጥቻለሁ፤ ኮምፓይለሩ የዜሮን ምልክት ችላ እንዲል ስለሚፈቅድ ይህ መደመር ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ሳይንቢት የቀረው -0.0 ሾልኮ እንዳይታተም በምፈትሽበት የሙከራ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ከ1 ጋር አላነጻጽረውም።