የእማዬ ምድጃ እና የስኩተሬ ባትሪ

ነገሩ የጀመረው በገመድ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ስኩተሬን በረንዳው ጥግ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ጠዋት ስወጣ ዲቫይደሩ ውሃ ውስጥ ተኝቷል፣ ብሬከሩ ወርዷል፣ የግቢው ሰው መብራት የሄደ መስሎት ሻማ ሲፈልግ አድሯል። ጎረቤታችን ጋሼ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጥተው ገመዱን አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ በዚህ ገመድህ አንድ ቀን ትጨርሰናለህ» አሉኝ። ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

ገመድ አልባ ቻርጅ የሚባለውን በቪዲዮ አይቼዋለሁ። መኪናው መሬት ላይ ከተነጠፈ ሰሌዳ በላይ ይቆማል። ማንም ምንም አይሰካም፣ ባትሪው ይሞላል። ቢኤምደብልዩ በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለ530ኢ መኪናው 3.2 ኪሎዋት የሚሰጥ ሰሌዳ አቅርቦ ነበር። እኔ ደግሞ የምፈልገው ለስኩተር የሚሆን 150 ዋት ብቻ ነው። «ይህማ ቀላል ነው» አልኩ። ስድስት ወር ፈጀብኝ።

መነሻዬ የእማዬ የተቃጠለ ኢንዳክሽን ምድጃ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የሞተው። መስታወቱን ሳነሳው ውስጡ ልክ እንደ ሰፌድ ከመሃል ጀምሮ እየዞረ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ኮይል የሚሉትን፣ አገኘሁ። ሽቦው አንድ ወጥ አይደለም። ፀጉር የሚያካክሉ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ተገምደዋል። ኤሌክትሪክ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ሲቀያይር ወደ ሽቦው ቆዳ እየሸሸ መሃሉን ባዶ ስለሚተወው ነው እንዲህ የተሠራው። ወፍራም ወጥ ሽቦ ብትጠቀሙ የከፈላችሁበት መዳብ አብዛኛው ሥራ ፈት ነው። ከኮይሉ ስር ደግሞ ጥቋቁር የፌራይት ዘንጎች ተለጥፈዋል፤ መግነጢሱን ወደ ላይ ይመልሱታል።

ምድጃው የሚሠራው ፋራዳይ በ1831 ባሳየው መንገድ ነው። ኮይሉ ተለዋዋጭ መግነጢስ ይፈጥራል፣ የድስቱ ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ድስቱ ይግላል። በድስቱ ቦታ ሌላ ኮይል ብታስቀምጡ ሙቀት መሆኑ ቀርቶ ባትሪ ይሞላል። የመኪናውም ሰሌዳ በመሠረቱ ይኸው ነው። ሁለተኛ ኮይል ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ለሁለት ምድጃ ሬሳ ስከራከር ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ የተቃጠለ እኮ ነው፣ ምን ልታበስልበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ኮይሉ በመለኪያ 90 ማይክሮሄንሪ ሆነ። ኃይሉ አየሩን እንዲሻገር ከኮይሉ ጋር የሚስማማ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ይዞ የሚለቅ ዕቃ) ያስፈልጋል። ዥዋዥዌን በምቱ ጠብቆ እንደመግፋት ነው፤ ምቱን ካገኛችሁት በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል። ለመኪና ገመድ አልባ ቻርጅ በ2020 የወጣው ኤስኤኢ ጄ2954 የሚባለው ደረጃ የመረጠው ምት 85 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 85 ሺህ ጊዜ ነው። የምድጃው ካፓሲተር 0.3 ማይክሮፋራድ ስለሆነ ከኮይሉ ጋር የሚስማማው 30 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ወደ 85 ለመድረስ ትንንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ገዝቼ በየድኳቸው።

ስህተት ቁጥር አንድ። ሴራሚኮቹ ሲሞቁ መጠናቸው ይቀየራል፣ መጠናቸው ሲቀየር ምቱ ይሸሻል። መጀመሪያ ኃይሉ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ አንዱ ጢስ አወጣ። የምመግበው 48 ቮልት ቢሆንም ካፓሲተሮቹ ላይ ግን ከ160 ቮልት በላይ ነበር። «48 ቮልት ምን ያደርጋል» ብሎ ኮይሉን መንካት አይገባም ማለት ነው። መፍትሔው እፊቴ ነበር። የምድጃ ጠጋኝ ጓደኛዬ ጋ በፌስታል የተከማቹ ያረጁ የምድጃ ካፓሲተሮች አሉ። ስምንቱን በተርታ ስቀጥላቸው 37.5 ናኖፋራድ ወጣኝ። ይህ ከኮይሌ ጋር 86 ኪሎኸርዝ ተኩል ይሰጣል። ቮልቴጁንም ለስምንት ይካፈሉታል። ለላኪውም (መሬት ላይ ለሚሆነው ኮይል) ለተቀባዩም (ስኩተሩ ላይ ለሚሆነው) አሥራ ስድስት ለቅሜ፣ ለሻይ ሰጥቼው ወጣሁ። እስካሁን ቀዝቃዛ ናቸው።

ስህተት ቁጥር ሁለት አጭር ናት። ተቀባዩ በኩል የተለመደውን የቻርጀር ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ተጠቀምኩ። እሱ የተሠራው ለግድግዳው 50 ኸርዝ ነው። 85 ሺህ ሲመጣበት በሁለት ደቂቃ ጣት አያስነካም። በፈጣን ዳዮድ ቀየርኩት፣ አለቀ።

ሦስተኛው ግን ብዙ ያስተማረኝ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር ሠርቷል። በሁለቱ ኮይሎች መካከል አራት ሴንቲሜትር ክፍተት አለ፣ ባትሪው እየሞላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ገባና፣ «እስኪ ልየው» ብሎ የላይኛውን ኮይል አነሳው። ጧ! አራቱም ሞስፌቶች (ላኪው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቀያይሩት ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያዎች) በአንድ ጊዜ ሄዱ። እኔ ኮይሉ ሲርቅ ኃይሉ ይቀንሳል ብዬ ነበር የማስበው። ማንም የሚያስበው እንደዚያ ነው። ካፓሲተሩ በሁለቱም በኩል ከኮይሉ ጋር በተርታ ሲገጠም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተቀባዩ በራቀ ቁጥር ላኪው አብዝቶ ይስባል። ጨርሶ ሲነሳ ከፊቱ የሚይዘው ስለሌለ፣ ጭነቱ እንደወረደለት አህያ ይፈረጥጣል። አምፔሩ ሽቦው የፈቀደለት ድረስ ይወጣል።

የዚህ ነገር መንታ ወንድሙ ከሳምንት በኋላ መጣ። ባትሪው ሞላና የራሱ መከላከያ ቆረጠው። ላኪው ግን አላወቀም፤ መላኩን ቀጠለ። መሄጃ ያጣው ኃይል ከዳዮዶቹ በኋላ ያለው ካፓሲተር ላይ ተጠራቀመና ክዳኑን ገንጥሎ ኮርኒስ መታ። እማዬ ከጓዳ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈነዳ?» አለች። «ዛሬ ደግሞ» የምትለዋ ቃል ትንሽ አሳፈረችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ኃይሉን በአየር መላክ ለካ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ላኪው ተቀባዩ ምን ላይ እንዳለ ማወቁ ነው። ገመድ ይህን በነጻ ይሰጣችኋል፤ ተሰክቷል ወይም ተነቅሏል። በአየር ሲሆን ሁለቱ መነጋገር አለባቸው። የመኪኖቹም ሰሌዳ ከመኪናው ጋር በሬዲዮ ካልተግባባ አይበራም። እኔም ሁለት ትንንሽ ባለ ዋይፋይ ቦርዶች ገጠምኩ። ስኩተሩ ላይ ያለው ቮልቴጁን በየጊዜው ይናገራል። ወሬው ለግማሽ ሰከንድ ከተቋረጠ መሬት ያለው ያጠፋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፈጣን የአምፔር መቁረጫ ጨመርኩ፤ ዋይፋይን ያመነ ጉም የዘገነ ነው።

ከዚያ ስኩተሩ ላይ መግጠም። ኮይሉን ከእግር ማስቀመጫው ስር ብረቱ ላይ ለጠፍኩት። ምቱ ተዛባ፣ የስኩተሩ አካል ሞቀ። የምድጃውን ሥራ ስኩተሩ ላይ እየሠራሁ ነበር። በብረቱና በፌራይቱ መካከል የአሉሚኒየም ላሜራ ሳስገባ ተረጋጋ። መሬት ላይ ላለው ሰሌዳ ክዳን ያደረግኩት የእማዬን ምድጃ መስታወት ነው። ዝናብ አያስገባም፣ መግነጢሱን አያግድም። ዳርና ዳሩን በሲሊኮን ዘጋሁት።

አቋቋሙ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ኮይሌ 18 ሴንቲሜትር ስለሆነ አምስት ሴንቲሜትር ከመሃል ብስት ይታወቃል። የመኪናው ደረጃ እንኳ የሚፈቅደው ወደፊትና ወደኋላ 7.5፣ ወደ ጎን 10 ሴንቲሜትር ስህተት ነው። በካሜራና በሴንሰር ልሠራ አስቤ ነበር። ጋሼ ሲያዩኝ ቆዩና ከአጥሩ ስር አንድ ድንጋይ አምጥተው ሰሌዳው ፊት አስቀመጡ። «ጎማው እዚህ ሲደርስ ቁም» አሉኝ። የታክሲ ረዳት ዳገት ላይ የሚያደርጋት ድንጋይ ማለት ናት። በቃ፣ ችግሩ ተፈታ። ኋላ አንዷን ለጎን ጨመርኩ።

ውጤቱን ልናገር። በአራት ሴንቲሜትር ክፍተት፣ ወደ ላኪው ከሚገባው 100 ዋት ባትሪው ጋ የሚደርሰው 80 ያህል ነው። ከግድግዳው ሶኬት ከቆጠርን ወደ 70 ይወርዳል። ደህና የተሠራ የመኪና ሰሌዳ ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚደርሱ አሉ። የራሴ የገመድ ቻርጀርም ይበልጠኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አንድ ቀን ደግሞ የቢራ ቆርኪ ሰሌዳው ላይ ወድቆ አላየሁትም። ስኩተሩን ሳነሳ መስታወቱ ላይ ክብ ጠባሳ አለ፣ ቆርኪው ቀለሙ ተቃጥሏል። ያ በ150 ዋት ነው። በ11 ኪሎዋት ምን እንደሚሆን አስቡት። ለዚህ ነው የመኪና ሰሌዳዎች የወደቀ ብረትም ሕይወት ያለው ነገርም የሚለዩበት ዘዴ የሚኖራቸው። የኔ ዘዴ መጥረጊያ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ስል ደግሞ የጋሼ ድመት አለች። ሰሌዳው ከጠፋም በኋላ ሞቅ ስለሚል ክረምቱን መኝታዋ አድርጋዋለች። በርቶ እያለ እንዳትገባ ዙሪያውን በእንጨት አጠርኩት።

ጋሼ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙት አንዱ ናቸው። የኔን ሲያዩ አማራቸው። «ለኔስ መቼ ነው?» አሉኝ። ተቀምጠን አወራን።

«ጋሼ፣ የርስዎ መኪና ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ደረጃው እስከ 25 ሴንቲሜትር ይፈቅዳል፣ ግን ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ኮይሉ ትልቅ ይሆናል። ተቀባዩ ደግሞ መኪናው ላይ የለም። ፋብሪካው ሳያውቅ ከባትሪው ጋር ልቀጥልልዎት አልደፍርም።»

«እሺ ሮቦቱስ? ራሱ መጥቶ የሚሰካው?»

እሱንም አይተውታል ለካ። ቴስላ በ2015 እንደ እባብ የሚጥመለመል ቻርጀር አሳይቶ ነበር፤ ሂዩንዳይ በ2023 የመኪናውን ክዳን ፈልጎ የሚሰካ ክንድ አሳየ። እውነት ለመናገር ከሁለቱ ለሮቦቱ ነው የማደላው። መኪናው ላይ ምንም መጨመር አያስፈልገውም፣ ያለውን ሶኬት ይጠቀማል፣ ወፍራሙን የፈጣን ቻርጅ ገመድ መሸከም ይችላል። ሰሌዳው ግን እስካሁን በደረጃው 11 ኪሎዋት ላይ ነው። ችግሩ እኛ አገር የቻይናውም የአውሮፓውም ሶኬት መግባቱ ነው። ሮቦቱ ሁለት ዓይነት ራስ ሊይዝ ነው። አንድ ገመድ በእጅ ለመስካት ይህን ሁሉ ማሽን ግቢ ውስጥ ማቆም ለጋሼም አልተዋጠላቸውም። «ለሱ ደሞዝ ከምከፍል እኔው እሰካዋለሁ» አሉ።

ገመድ አልባው የሚያዋጣው አውቶቡስ ላይ ይመስለኛል። ሚልተን ኪንስ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ2014 ስምንት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን በመሥመሩ ጫፍና ጫፍ በተቀበሩ ሰሌዳዎች እየሞላች አሰማርታለች። አውቶቡስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ሾፌሩ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ደቂቃዎች አሉት። ዲትሮይት ደግሞ በ2023 መጨረሻ 400 ሜትር ያህል መንገድ ስር ኮይል ቀብራ መኪና እየሄደ እንዲሞላ ሞክራለች። ይህኛውን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «እኛ ጋ ለቧንቧ በቆፈሩት ቁጥር ሊያወጡት ነው?» ብለው ዘጉት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሌላ ዶፍ ወረደ። ስኩተሩ ሰሌዳው ላይ ቆሟል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትብለጨለጫለች። ጋሼ ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ብሬከሩን በእጅ ባትሪ አዩት። አልወረደም። ዞር ብለው፣ «ድመቷስ?» አሉኝ። በባትሪው ስንፈልጋት ከሰሌዳው ርቃ፣ የስኩተሩ ወንበር ላይ ላስቲኩ ስር ገብታ ተኝታለች።