በቆጂ ሲደርስ የሚበርደው ሚኒባስ

አዳማ ውስጥ የመኪና ማሞቂያ ተበላሸብኝ ብሎ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የስምጥ ሸለቆ ልጅ ናትና የሾፌሩ ጭንቀት ማቀዝቀዣው ነው፤ የማሞቂያውን እጀታ ዓመት ከዓመት የሚነካው የለም። ዴራንና ኢተያን አልፎ አሰላ፣ ከዚያም በሳጉሬ አድርጎ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው በቆጂ ለሚወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በክረምት ማለዳ የተሳፋሪው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ሾፌሩም በአንድ እጁ እየጠረገ በሌላው ይነዳል።

የዚህ መስመር የአንድ አባዱላ ሚኒባስ ሾፌር ወደምሠራበት ጋራዥ የመጣው በዚሁ ጣጣ ነው። ምርመራውንም ጨርሶ ነበር የመጣው፤ ሌላ ቦታ «የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ትቀየር» ብለውታል። እሷን ለማግኘት ዳሽቦርዱን በሙሉ ማውረድ ያስፈልጋል። የእጅ ዋጋው ይቅርና፣ አንዴ ወርዶ ተመልሶ ሲገጠም የማይንኳኳ ዳሽቦርድ እስካሁን አላየሁም።

አለቃችን የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ ችኮላ አይወዱም። «ልጄ፣ ሞተሩን አስነሳና ትንሽ ይሙቅ» አሉት። የመኪና ማሞቂያ የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ ከፊሉ በአንድ የጎማ ቱቦ ወደ ትንሿ ራዲያተር ገብቶ በሌላው ይመለሳል፤ ማራገቢያው አየሩን በእሷ ላይ አሳልፎ ወደ ጋቢና ይነፋል። ስለዚህ ቱቦዎቹ ብዙ ይናገራሉ። መግቢያው ሞቆ መመለሻው ከቀዘቀዘ ውሃው መሐል ላይ ታግቷል፤ ራዲያተሯ ተደፍናለች ወይም የውሃው መቆጣጠሪያ አልተከፈተም። የጋቢናውን ወንበር አንስተን ስንዳስስ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። መተላለፊያው ክፍት ነው ማለት ነው፤ የጠፋው ሙቀቱ ነው።

«የሙቀት መለኪያህ የት ላይ ይቆማል?» ስለው ሾፌሩ ፈገግ አለ። «ኧረ ሞተሬማ ጤነኛ ነው፤ መርፌው ከታች ተነሥቶ አያውቅም» አለኝ። የኮራበት ነገር በሽታው ነበር። ሞተሩን አቀዝቅዘን እንደገና አስነሣንና ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ ያዝኩት። ጤነኛ መኪና ላይ ይህ ቱቦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ሲከፈት ባንድ ጊዜ ይግላል። የዚህኛው ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ሄደ። የቴርሞስታቱን ቤት ስንፈታው ውስጡ ባዶ ነው።

ሾፌሩ አልደነገጠም። «ቀድሞ አሰላ ዳገት ላይ ይፈላብኝ ነበር፤ ያኔ የሠራው ሰው ሙቀት አገር ውስጥ አያስፈልግህም ብሎ አወጣው» አለ። ይህን አባባል የሰማሁት ከእሱ ብቻ ቢሆን አልናደድም ነበር። ቴርሞስታት እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም። እሱ ከሌለ ሞተሩ በብርድ አገር በወጉ አይሞቅም፤ ናፍታ በከንቱ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

አዲስ ገጥመን ልንሸኘው እንችል ነበር። አለቃችን ግን «ያኔ ለምን ፈላ?» አሉ። ጥያቄውን የጠየቀ አልነበረም። ራዲያተሩን ከፈትነው፤ ውሃው ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ሲሆን የክዳኑ ጎማ ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግፊት የማይዝ ክዳን ተራራ ላይ ክፉ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ክፍት ውሃ አዳማ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ፣ በቆጂ ላይ ደግሞ 91 ገደማ ይፈላል። የግፊት ልኩ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ደኅና ክዳን ግን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሰውዬው በዚያ ዳገት ሲፈላበት የኖረው ምናልባት በዚህ ርካሽ ቁራጭ ጎማ ነው፤ የተባረረው ግን ቴርሞስታቱ ሆነ።

ውሃውን ደፋን፤ እስኪጠራ ድረስ በሁለቱም አቅጣጫ አጠብን፤ ዝገት መከላከያ በተቀላቀለበት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሞላን። ቴርሞስታቱ ጠርዝ ላይ አየር የምታሳልፍ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ እሷን ወደ ላይ አድርገን ገጠምነው። ክዳኑን በተመሳሳይ ግፊት ተካን። ከዚያ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙረን፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ ቀስ እያልን ጨመርን። ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ትዕግሥት ትፈልጋለች፤ እሷ ከተዘለለች ትንሿ ራዲያተር ውስጥ አየር ይቀርና ማሞቂያው እንደገና ይቀዘቅዛል።

ሾፌሩ ከበቆጂ ሲመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባ ነፋ። ሊያመሰግን መስሎኝ ወጣሁ። «ጋሼ የታሉ? ላይ ሆኜ ጥሩ ነበር፤ ዴራ ስወርድ ግን ማሞቂያው አልጠፋ ብሎ ተሳፋሪ አለቀብኝ!» የውሃውን መቆጣጠሪያ የሚስበው ገመድ ክፍት እንደሆነ ዝጎ ደርቆ ኖሯል፤ ሙቀት በሌለበት ዘመን ይህን ማን ያውቃል? ገመዱን ቀየርን፤ እጀታውን እየከፈተና እየዘጋ ደጋግሞ ሞከረው። ከዚያ የገመዱ ዋጋ ላይ ከአለቃችን ጋር ረጅም ክርክር ገጠመ።