3 ግራም ተኩል ነገረኛ

ሰሞኑን የሃሚንግበርድ (አሜሪካ አህጉር የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ናቸው) ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው፣ በተለይ ሩፈስ የሚሉትን፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ እንደሱ ነገረኛ ወፍ አይቼ አላውቅም። ክብደቱ 3 ግራም ተኩል ገደማ ነው እኮ! ግን እጥፉን የሚያክል ሌላ ሃሚንግበርድ እንኳ አበባው ላይ ቢመጣበት ላባርርህ ብሎ ከመግጠም አይመለስም።

ደግሞ እኮ ምክንያት አለው። ክንፉን በሴኮንድ ከ50 ጊዜ በላይ እያርገበገበ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ጉልበት ይጨርሳል፣ ጉልበቱ ደግሞ ከአበባ ወለላ ነው የሚመጣው (ትንንሽ ነፍሳትም ይለቅማል)፣ ስለዚህ አበባ ተነጠቀ ማለት ራት ቀረ ማለት ነው። ማታ ሲበርድና ስንቁ ሲያልቅ ቶርፐር ውስጥ ይገባል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ልቡ ቀስ እያለ ይመታል፣ የሞተ መስሎ ያድራል። ጠዋት ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ይሞቅና ቀጥታ ወደ ጠቡ።

የብርዱን ወራት ሜክሲኮ ያሳልፍና ብርዱ ሲያልፍ የፓስፊክን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንዳንዱ አላስካ ድረስ፣ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲመለስ ግን በመጣበት አይደለም፣ በሮኪ ተራሮች በኩል ይዞራል፣ በጁላይና በኦገስት እዛ ላይ ሜዳው አበባ በአበባ ነዋ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ስብ ያጠራቅምና ይቀጥላል። የዓመቱ ልጆች የሚነሱት ትልልቆቹ ከሄዱ በኋላ ነው፣ መንገድ የሚያሳያቸው የለ ምን የለ።

አባትየውማ ከመጀመሪያውም የለም። ጉሮሮው ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ፍም ይቀላል፣ ዞር ሲል ይጠቁራል፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እየተወረወረ ሴቷን ያማልላል፣ ከዛ በቃ። ጎጆ የምትሰራው እሷ፣ ሁለቱን እንቁላል የምትታቀፈው እሷ፣ የምትመግበው እሷ። ጎጆውን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ስለሆነ ጫጩቶቹ ባደጉ ቁጥር አብሯቸው ይለጠጣል፣ እዚህ ጋ ቪዲዮውን መልሼ አየሁት።

ሰዎች ስኳር በውሃ በጥብጠው ይሰቅሉለታል፣ አንድ እጅ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ፣ ቀለም ሳይጨምሩ። ዘንድሮ የጠጣበትን ለከርሞ አይረሳም። ማጠጫውን ቢያነሱበት እንኳ ይመጣና ድሮ ተሰቅሎበት የነበረው ባዶ አየር ላይ ቆሞ እያርገበገበ ይፈልገዋል።