ወንበዴው ማን ይሁን?

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጆች ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሰዓት በኋላ የቆዩ የቤተሰብ ፊልሞችን እናሳያለን። ባለፈው ክረምት ኃላፊያችን የመረጠችው «ስዊስ ፋሚሊ ሮቢንሰን»ን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ ቶቤጎ ደሴት ላይ የተቀረጸ የዲዝኒ ፊልም። መርከብ የተሰበረባቸው አባት፣ እናትና ልጆች ዛፍ ላይ ቤት ይሠራሉ፤ ኋላ የባሕር ወንበዴዎች ሲመጡባቸው በግንድና በኮኮናት ቦምብ ይመክቷቸዋል። የዛፉን ቤት እኔም እወደዋለሁ።

ፊልሙ አልቆ ልጆቹ ጓሮ ሲወጡ ተረኛ ነበርኩ። ወዲያው ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞች ሆኑ። ከዚያ አንዱ ወደ ቬትናማዊው ልጅ ዞሮ «አንተ ወንበዴ ነህ» አለው። በክፋት አልነበረም፤ ረጅሙን ልጅ በረኛ እንደሚያደርጉት ነው። ልጁም ሳይከራከር ጁሱን ሣሩ ላይ አስቀምጦ አጥሩ ሥር ሄዶ ቆመ። የቀሩት የሚወረውሩበትን የጥድ ፍሬ መልቀም ሲጀምሩ ጨዋታውን አስቁሜ ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ አነሣሁት። ኃላፊያችን «ልጆች እኮ ናቸው» አለች። እኔን ያሳሰበኝም ልጆች መሆናቸው ነው። ያ ልጅ እሱን የሚመስል ሰው ያየው ወንበዴዎቹ መሀል ብቻ ነው፤ የሚናገሩትን እንኳ የሚተረጉምልን የለም። አለቃቸው ሆኖ የሚጮኸው ሴሱዌ ሃያካዋ ነው፤ በ1910ዎቹ፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው፣ ሆሊውድ ውስጥ መሪ ተዋናይ የነበረና የራሱን የፊልም ኩባንያ ያቋቋመ ጃፓናዊ። ዲዝኒም ቢሆን በ2020 በኢንተርኔት ፊልም በሚያሳይበት ዲዝኒ ፕላስ ላይ፣ ሕዝቦችን በተዛባ መልኩ ያሳያል የሚል ማስጠንቀቂያ ለዚህ ፊልም አክሎበታል። የኛ ግን የድሮ ዲቪዲ ስለነበር ያም አልነበረውም።

ለሚቀጥለው ሳምንት «ዘ ጉኒስ» ይሁን አልኩ፤ ቤታቸውን እንዳያጡ የተደበቀ ሀብት ስለሚፈልጉና ወንጀለኞች ስለሚያሳድዷቸው ልጆች የሚተርክ የ1985 ፊልም ነው። ዴታ የሚባለውን ፈልሳፊ ልጅ የሚጫወተው ሳይጎን የተወለደው ኪ ሁይ ኳን ነው። ዴታ ከጓደኞቹ እኩል ነው፣ በሠራቸው ዕቃዎችም ወንጀለኞቹን ያደናቅፋል። ኤልሳልቫዶራዊት ባልደረባዬ ግን «ሮዛሊታስ?» አለችኝ። ሮዛሊታ እንግሊዝኛ የማትችል የቤት ሠራተኛ ናት። ማውዝ የተባለው ልጅ የእመቤቷን ትእዛዝ በስፓኒሽ ሲያስተረጉም ሆን ብሎ አስፈሪ ነገር ይነግራታል፤ ተመልካቹ በድንጋጤዋ ይስቃል። «እኔን እናቴ ያሳደገችኝ የሰው ቤት እያጸዳች ነው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እርግጥ መጨረሻ ላይ ቤታቸውን የሚያድነውን ዕንቁ የምታገኘው ራሷ ሮዛሊታ ናት፤ ግን ሲጫወቱ ሮዛሊታን ልሁን የሚል ልጅ ይኖራል? ኳንም ካደገ በኋላ ሚና አጥቶ ትወናን ለብዙ ዓመታት ተወ፤ ኦስካር ያገኘው በ2023 ነው።

«ዘ ጉኒስ»ን አሳየነው፤ አስቀድማ ባልደረባዬ ስለ ሮዛሊታ አወራቻቸው፣ ዕንቁውን ማን እንደሚያገኘው እንዲጠብቁም ነገረቻቸው። አሁን ፊልም ስንመርጥ ልጆቹ ሲጫወቱት ማን ማን እንደሚሆን አስቀድመን እንነጋገራለን። «ስዊስ ፋሚሊ ሮቢንሰን» ግን ከመደርደሪያ ይውረድ አላልኩም። ኃላፊያችን በሚመጣው ክረምት ልታሳየው አስባለች፤ ከመጀመሩ በፊት የሃያካዋን የወጣትነት ፎቶ ይዤ ማንነቱን ለልጆቹ ልነግራቸው ተስማምተናል።