የፍሪዘሩ ሶኬት

ሚኒሶታ እንደመጣሁ ያገኘሁት ሥራ የበረዶ ሥራ ነው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሆኪ ሜዳውን በረዶ እጠብቃለሁ። በየዕረፍቱ ዛምቦኒ የሚባለውን ማሽን እየነዳሁ የተጫጫረውን በረዶ እንደ አናጢ እልገዋለሁ፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ አፈስበታለሁ። በረዶ ላይ ሙቅ ውሃ! መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሙቁ ውሃ ላዩን ትንሽ አቅልጦ ነው ከታችኛው ጋር የሚጣበቀው።

ፑኮቹን ማቀዝቀዝም የእኔ ድርሻ ነው። ፑክ ሆኪ ላይ እንደ ኳስ በዱላ የምትመታ፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጥቁር፣ ክብና ጠፍጣፋ ጎማ ናት። ካልቀዘቀዘች ትነጥራለች። ስለዚህ ጨዋታ ሲኖር ፍሪዘር ውስጥ ትቆያለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። የፍሪዘሩን ሶኬት ነቀልኩና ቻርጀሬን ሰካሁ። አሁን እመልሰዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ማታ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ 2 ለ 2 ነበርን። አንድ ተከላካያችን ቀላል ፑክ ሊያቆም ዱላውን ዘረጋ። ፑኳ ዱላውን ዘልላ አለፈች። አጥቂያቸው ብቻውን ሄዶ አገባት። 3 ለ 2 ተሸነፍን። ሶኬቱ ትዝ ያለኝ በር ልዘጋ ስል ነው። ሰካሁትና ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም፤ ያየኝም የለም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ግን ፑክ ነበር።

አሠልጣኛችንን ሁሉም ሰው ኮች ነው የሚለው። ከረዳትነት የተነሳ ሰው ነው። ስንት ክረምት ሌሊት መኪና እየነዳ በየትንንሹ ከተማ ልጅ ሲመለምል ኖሯል። ቢሮው ውስጥ የአሜሪካዊው የሆኪ አሠልጣኝ የኸርብ ብሩክስ ፎቶ አለ። ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ የኦሎምፒክ ቡድን ሲመረጥ በመጨረሻ የተቀነሰ ተጫዋች ነበር፤ ቡድኑ ያለ እሱ ወርቅ ወሰደ። በኋላ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን እያሠለጠነ በ1974፣ በ1976 እና በ1979 ሻምፒዮን ሆነ። በ1980 ደግሞ አብዛኞቹ የኮሌጅ ልጆች የሆኑበትን ቡድን ይዞ ሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ላይ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 አሸነፈ። ከዚያ በፊት ግን ኖርዌይ ውስጥ 3 ለ 3 ሲወጡ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ልጆቹን እዚያው በረዶ ላይ ወዲያ ወዲህ አስሮጣቸው። የአዳራሹ መብራት ሲጠፋም አላቆመም። ያ ሩጫ እስከ ዛሬ በስሙ ኸርቢ ይባላል። እስከ መጀመሪያው መስመር ሄዶ መመለስ፣ እስከ መሐል ሄዶ መመለስ፣ እንዲህ እያለ እስከ ወዲያኛው ጫፍ።

ሰኞ ኮች ኸርቢ አዘዘ። እኔ ዛምቦኒው ላይ ሆኜ በሩ ጋ ተራዬን እጠብቃለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተመላለሱ። አራተኛው ላይ ያ ተከላካይ አጥሩን ተደግፎ አስታወከ። አላስቻለኝም። በጎማ ቦቲዬ እየተንሸራተትኩ መሐል ሜዳ ገባሁ።

«ኮች፣ ቅዳሜ ፑኮቹ አልቀዘቀዙም ነበር። ፍሪዘሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ፊሽካውን ነፋ። አየኝ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያኑ ዕለት ማታ።»

«እና ዛሬ ሰኞ ነው» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ሁሉም ቆመው ይሰማሉ። «ቪዲዮውን ሦስቴ አየሁት። ፑኳ ስትዘልም አይቻለሁ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ይቅርታ።» አንድ ዋና አሠልጣኝ የሃያ ዓመት ልጅን በቡድኑ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ ሳይ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

አለቀ ብዬ የዛምቦኒውን ቁልፍ ልጨብጥ ስል ኮች እንደገና ፊሽካውን አነሳ። «ሌሎቹ ሁለት ጎሎች ግን የፍሪዘር አይደሉም» አለና ነፋ። ቡድኑ እያጉረመረመ ተነሳ።

ልጁን ብቻ ከእኔ ጋር በሩ ጋ አቆመው። አፉን በእጅጌው ጠራርጎ ዝም ብሎ ጓደኞቹን ሲያይ ቆየ። ኋላ ወደ እኔ ዞር አለና፣

«ስልክህ ግን ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» አለኝ።